«ቄሱ ምን አሉ?»

— ሄሎ! … ሄሎ፣ ማን ልበል? … ይግዛው! ምነው በጠዋት? … አይሰማም፣ ጮክ በል! … አሁን ሰማሁህ። ደህና ናችሁ? እማስ?

ዓይናዲስ የምታሰጣውን ልብስ ግቢ ጥላ ነው ሮጣ የገባችው። ገና አንድ ሰዓት ተኩል አልሞላም። ወንድሟ ከስዊድን የሚደውለው እሑድ እሑድ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ሐሙስ። ያለ ቀኑ የሚጮህ ስልክ ደግ ነገር ይዞ እንደማይመጣ ካወቀች ቆይታለች።

— ተገኘ? ምኑ ነው የተገኘው? … ሳንባው? … እውነትህን ነው? … ቆይ፣ ቆይ፣ ልቀመጥ።

እናታቸው ታይቱ ታማ ከሰቆጣ ከወጣች ሦስት ዓመት ሊሆናት ነው። ሲጀምር ሳል ብቻ ነበር። የሳንባ ነቀርሳ ነው ተብሎ ስምንት ወር ኪኒን ዋጠች፤ አልነበረም። አዲስ አበባ ያያት ሐኪም ሳንባዋ ጠባሳ እየለበሰ መድረቁን፣ የሌላ ሰው ሳንባ ካልተተካላት የሚያድናት እንደሌለ፣ ያም በዚህ አገር እንደማይሠራ ቁርጡን ነገራት። ይግዛው ያለውን በር ሁሉ አንኳኩቶ ወዳለበት ወሰዳት። የመኖሪያ ፈቃዱ ዓመት ፈጀ። ወረፋው ዓመት ከመንፈቅ። ውኃ በእንስራ አዝላ ዳገቱን እየዘፈነች ትወጣ የነበረችው ሴት፣ አሁን ከአልጋዋ ተነሥታ ወንበሩ ጋ ለመድረስ ሁለት ጊዜ ታርፋለች።

— እንደዚያን ጊዜው እንዳይሆን ብቻ። … አዎ፣ የሰኔውን ነው የምልህ። አስገብተው፣ ጾሟን አሳድረው፣ ‘ሳንባው አይሆንም’ ብለው የመለሷት ጊዜ። … የአሁኑን አይተውታል? … ደህና ነው አሉ? ሁለቱም? … እሰይ። እሰይ ነው መቼም የሚባለው። … መቼ ነው የሚያስገቧት? … አሁን ማለት፣ አሁን? … ታዲያ ምን ትደውላለህ፣ አታስገባትም እንዴ!

ከዚያ የሚላትን አዳመጠች።

— አልፈርምም? … እንዴት አልፈርምም ትላለች? ሦስት ዓመት ሙሉ ስትጠብቅ ኖራ! … ደብሬ፣ በሩን ዝጊልኝ እባክሽ፣ ወፍጮው አላሰማ አለኝ።

ወንፊት ልትዋስ መጥታ የቆመችው ጎረቤቷ ደብሬ በሩን ገርበብ አደረገችው፤ ወንፊቱንም ረስታ እዚያው ቀረች።

— ስጣት እስኪ። እጀታውን ጆሮዋ ላይ አድርግላት። … እማ! እኔ ነኝ፣ ዓይናዲስ። … አታውሪ፣ ቀስ በይ። መጀመሪያ ተንፍሺ። … እጠብቅሻለሁ።

የታይቱ ትንፋሽ በተሰነጠቀ ሳንቃ የሚገባ ነፋስ ይመስላል። አንድ ቃል፣ ከዚያ ረጅም ፉጨት፣ ከዚያ ሌላ ቃል። ጥቂት እንደተናገረች አማርኛውን ተወችና ወደ አገሯ ቋንቋ፣ ወደ ኽምጣኛ ዞረች። ዓይናዲስ ወዲያው ገባት። ይግዛው በልጅነቱ ስለወጣ ኽምጣኛው ጠፍቶበታል፤ እናቷ አጠገቧ ያለው ልጇ እንዲሰማው ያልፈለገችው ነገር አለ። እሷም በዚያው ቋንቋ መለሰችላት።

— የማን ልጅ እንደሆነ እኔ በምን አውቃለሁ? … እነሱም አይናገሩም፣ ሕጋቸው ነው። … ወጣት ነው አሉሽ? … አይ እማ፣ እሱማ ሞቷል። አንቺ አልገደልሽውም። … አዎ፣ እናቱ ዛሬ እያለቀሰች ነው። … አዎ፣ እንደኛው ናት፣ የወለደች ናት። … እማ፣ አንቺ እንቢ ብትይ እኮ ልጇ አይነሣላትም።

— አልተቆጣሁም። … ሰማሁ። ‘በሞቱ ደስ ብሎኝ እንዴት እገባለሁ’ ነው የምትዪኝ። … ‘ስሙን ሳላውቅ በምን ስም ልጸልይለት?’ እሱን እንግዲህ … ምን? … ‘ቄሱ ግቢ ካላሉኝ አልገባም’? … እማ፣ ጊዜ የለም እኮ! ሳንባ አይጠብቅም! … እሺ። እሺ፣ ትንፋሽሽን አትጨርሺ። እዚሁ ናቸው። እጠይቃቸዋለሁ።

ቄሱ አባቷ ናቸው፤ ቄስ ገብረ ጻድቅ። ዳዊታቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ከመስከረም ጀምሮ አዝመራውን ለሰው ትተው ከገጠር ወጥተው ልጃቸው ቤት የሰነበቱት ይህንኑ ስልክ ሲጠብቁ ነው። ጆሯቸው ከከበደ ግን ዓመታት ሆኖታል። በስልክ የሚመጣ ድምፅ ጨርሶ አይገባቸውም፤ ጆሯቸው ሥር ተጠግተው ከጮሁላቸው ነው የሚሰሙት። ስልኩ ከጮኸ ጀምሮ የሚያዩት የልጃቸውን አፍ ነበር።

ዓይናዲስ የስልኩን ገመድ እየጎተተች አጠገባቸው ተንበረከከች።

— አባ! እማ ናት! … ሳንባው ተገኘ! ዛሬ ኦፕራሲዮን ሊያደርጓት ነው! … አሁን፣ አሁን! … የሞተ ወጣት ነው! … ክርስቲያን ይሁን አይሁን አልተነገረም! … ኧረ አልገደሉትም አባ፣ በራሱ ጊዜ ነው የሞተው! … ‘እርስዎ ግቢ ካላሉኝ አልፈርምም’ ብላለች! ምን ልበላት?

ሽማግሌው ዳዊቱን ዘጉት። መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። ቄስ አንድ ሚስት ነው ያለው፤ ሞት ከወሰደበት ሌላ የለውም። ከታይቱ ጋር አርባ አንድ ዓመት ኖረዋል። ግቢ ቢሏትና በቢላዋው ሥር ብትቀር፣ በቃላቸው ላኳት። ቅሪ ቢሏት፣ ሐኪሞቹ ፋሲካን አትደርስም ብለዋል፤ ያኔም በቃላቸው ነው። ዓይናዲስ ይህ ሁሉ በአባቷ ፊት ላይ ሲመላለስ አየች። የአባቷን ፍርሃት አይታ አታውቅም ነበር። በድርቁ ዓመት ሙሉ መንደር ሲቀብሩ እንኳ እንዲህ አልሆኑም።

— አባ! ይበሉ እንጂ! … እየጠበቀችን ነው!

ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ የለውም።

— ሄሎ? … ይግዛው፣ አንተ ነህ? … መጡ? አልጋዋን ሊገፉ? … አንድ ደቂቃ በላቸው። … አንድ ደቂቃ በላቸው አልኩህ፣ ለምናቸው! … አንተ ደግሞ አታልቅስ፣ ያስችልህ! ስጣት።

 አባቷን አየች። ዓይናቸው የተዘጋው ዳዊት ላይ ነው።

— እማ? … ስሚኝ እማ። ጠየቅኋቸው። … ግቢ ብለዋል።

ደብሬ ቀና ብላ አየቻት። ዓይናዲስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በአባቷ ስም ዋሽታ አታውቅም፤ የመጀመሪያውም የሞትና የሽረት ሆነ።

— አዎ፣ ‘ግቢ’ ነው ያሉት። … በዚሁ ቃል። … ለምን ይቆያሉ? አልቆዩም! … እማ፣ አልዋሸሁሽም! … ድምፃቸውን? … አይሰሙም እኮ፣ ታውቂያለሽ! … አዎ፣ መናገሩንማ ይናገራሉ። … እሺ። … እሺ፣ እንግዲህ እሰጥሻለሁ።

ሌላ ማምለጫ አልነበራትም።

— አባ! ድምፅዎን ልስማ ብላለች! እዚህ ውስጥ ይናገሩ! … አይመልሱ፣ አይጠብቋት፣ እርስዎ ብቻ ይናገሩ!

ቄስ ገብረ ጻድቅ እጀታውን ገልብጠው ያዙት፤ ደብሬ አቃናችላቸው። መጀመሪያ ስሟን ጠሩ። ከዚያ፣ እየመለሰችላቸው ይሁን አይሁን ሳያውቁ፣ ተራዋን የሰጧት ያህል ጠበቁ።  አባቷ ‘አይሆንም’ ቢሉ፣ ያ ነገር እናቷ የምትሰማው የመጨረሻ ቃላቸው ሆኖ፣ በዚያም ላይ የልጇን ውሸት አውቃ ትቀር ነበር።

እሳቸው በኽምጣኛ፣ ቀስ ብለው፣ እንደፈሩ ነገሯት። ቄስ መሆናቸው ለዚህ ነገር እንዳልጠቀማቸው፣ ከእሷ የተሻለ የሚያውቁት እንደሌለ ነገሯት። የሟቹን ስም እሷ ባታውቀው፣ እሳቸውም ባያውቁት፣ የፈጠረው ያውቀዋል፤ ዕድሜ እስካላቸው ድረስ በየማለዳው ጸሎታቸው ‘ስሙን አንተ የምታውቀው’ እያሉ ያነሡታል፤ እናቱንም እንዲሁ። ይህን ብለው ድምፃቸው ተሰበረ። ከተሰበረው ድምፅ ውስጥ ነው ‘ግቢ’ የወጣው፤ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ጊዜ።

ዓይናዲስ እጀታውን ከእጃቸው ተቀበለች።

— እማ? … እማ፣ ሰማሽ? … ይግዛው? … ፈረመች? … በየት በኩል ወሰዷት? … አየሃት ስትገባ? … ምን አለች? … ‘እንዳትቀብሩኝ ሳልሞት’? … ስቃ ነው? … እግዚአብሔር ይከተላት። አንተም ቁጭ በልና ውኃ ጠጣ። ሲያልቅ ደውል። ደግም ይሁን ክፉ ደውል፣ እንዳትደብቀኝ። … በል፣ በል።

ስልኩን አስቀመጠች። አባቷ እያዩዋት ነበር።

— … አዎ አባ፣ ከእርስዎ በፊት እኔ ተናግሬያለሁ! … ‘ግቢ ብለዋል’ አልኳት! … ሳይሉኝ! … ፈርቼ ነው፣ አባ!

አልተቆጧትም። ተነሥተው ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዞሩ፤ ከዚያ በኋላ እህል እስኪቀርብላቸውም፣ ቀርቦላቸውም አልዞሩም። ደብሬ ጓዳ ገብታ ያልተጠየቀችውን ዕቃ አጠበች። ግቢ የተጣለው ልብስ ፀሐይ እንደመታው ዋለ። ዓይናዲስ ከስልኩ አንድ ክንድ አልራቀችም፤ ሁለት ጊዜ መስመሩ መኖሩን ለማረጋገጥ አንሥታ ወዲያው ደነገጠች፤ በዚያች ቅጽበት ቢደውልስ?

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ጮኸ።

— ሄሎ! … ይግዛው? … ለምን ታለቅሳለህ? … ይግዛው፣ ንገረኝ! ሞተች? … ምን አልክ? … ወጣች? በሕይወቷ ነው የወጣችው? … እስኪ ደግመህ በልልኝ። … ኡፍፍ።

— ሁለቱም ገባ? … በማሽን ነው የምትተነፍሰው? ራሷ አትተነፍስም ገና? … መቼ ነው የምትነቃው? … ሦስት ቀን? … ሰውነቷ አልቀበልም ቢለውስ? … ተወው፣ አትንገረኝ። … አይ፣ ንገረኝ፣ ልስማው። … ይሄ ፍርሃት እንግዲህ ዕድሜ ልክ ነው በለኛ። … መድኃኒቱም ዕድሜ ልክ። … ይሁን፣ ዕድሜው ይኑራት እንጂ።

— አስገቡህ? አየሃት? … ምን ትመስላለች? … ጥፍሯ? ጥፍሯ ምን ሆነ? … ቀላ? … ያ ጥቁረቱ ለቀቀ? … በማሽንም ቢሆን ደም ደረሰው ማለት ነው! … ሄሎ? … ይግዛው? … ትሰማኛለህ? … ሄሎ! … ሄሎ!

መስመሩ ተቋርጧል። እጀታውን እንደያዘች ዞር ስትል አባቷ ከኋላዋ ቆመዋል፤ ዓይናቸው አፏ ላይ ነው።

— አልሞተችም አባ! ኦፕራሲዮኑ አልቋል! … ገና አልነቃችም! ሦስት ቀን ትቆያለች ተብሏል! … ጥፍሯ ግን ቀልቷል!

ሽማግሌው ተጠጓት። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ጠየቋት።

— መድኃኔ ዓለምን፣ አባ! የይግዛው ቃል ነው። ከራሴ አንድም አልጨመርኩበትም።