ሰባት መስኮት በሦስት መውጫ

የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፤ ጅማ ውስጥ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ጠራኝ። ኃላፊው "ሰባቱም መስኮት ላይ አምፖል ግጠምልን፤ የሚሠራው መስኮት ይብራና ባለጉዳይ አይንከራተት" አሉኝ። ገዝተው ያስቀመጡት የመብራት ማዘዣ ኮንትሮለር ግን ያለው ሦስት የመስመር መውጫ ብቻ ነው። ሌላ ይገዛ እንዳልል፣ የግዢ ኮሚቴው እስኪሰበሰብ እኔ ጡረታ እወጣለሁ። ስለዚህ ሪሌ የሚባሉ በኤሌክትሪክ የሚታዘዙ ማብሪያ ማጥፊያዎች ደረደርኩ። አንደኛው መውጫ ብቻውን ሲሠራ አንድ አምፖል ይበራል፤ ከሁለተኛው ጋር ሲሠራ ሌላ አምፖል ይበራል። እንዲህ እያጣመርኩ ከሦስት መውጫ ሰባት መብራት አወጣሁ። ችግሩ፣ በአንድ ጊዜ የሚበራው አንድ አምፖል ብቻ ነው።

በርክክቡ ቀን ይህንን ለኃላፊው ልናገር ቀረብኩ። "ይቅርታ ጌታዬ፣ ሁለት መስኮት አንድ ላይ ማብራት አይችልም" አልኳቸው። ከጅማ አጠገብ ካለችው ሰቃ መጥተው ከጠዋት ጀምሮ ተራ የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ቀድመው ከአግዳሚው ላይ ሆነው መለሱልኝ። "ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ አትጨነቅ። እዚህ ስመላለስ ሁለት መስኮት አንድ ላይ ሲሠራ ወላሂ አይቼ አላውቅም።"

ኃላፊው እንዳልሰማ ሰው ወደ ኮንትሮለሩ ስምንት ቁልፎች ጎንበስ አሉ። በሰባቱ ላይ የመስኮት ቁጥር ለጥፌአለሁ፤ ስምንተኛዋ ባዶ ናት።

"ይቺስ?"

"እሷ ሁሉንም ታጠፋለች።"

ፊታቸው በራ። "በል እሷ ላይ 'ስብሰባ' ብለህ ጻፍባት።"