ከመንገዱ ማዶ የሚነበብ ፊደል

ባኬ ጃማ ሰፈር ባለችው ማተሚያ ቤታችን ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብያለሁ፤ ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ የባለቤታቸውን ፎቶ ይዘው ገቡ። አዛውንቱ ነገር መርሳት ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ያን ዕለት ጠዋት ከቤት እንደወጡ አልተመለሱም። "ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ቶሎ ጻፊልኝ" አሉኝ። በኦሮምኛና በአማርኛ "ያያችሁ ንገሩን" ብዬ ጻፍኩ። የኦሮምኛው መስመር ስለሚረዝም ጠበብ ያለውን ወፍራም ፊደል መረጥኩ፤ ጌጥ የሌለው፣ ጎንና ጎኑ የተጨፈለቀ፣ ከሩቅ የሚጮህ ፊደል ነው። አዴ ጫልቱ ስክሪኑን ሲያዩ በመዳፋቸው ሸፈኑት። "ይሄማ የሐዘን ባነር ላይ የምትጽፉት ነው! አጥፊልኝ!" እውነታቸውን ነው፤ እኔም ደነገጥኩ። በቀጭን ፊደል አተምኩና በራችን ላይ ለጠፍኩት። እሳቸው አስፋልቱን ተሻግረው ቆሙ፤ ዓይናቸውን አጥብበው ቢሞክሩም አልተነበበላቸውም። ተመልሰው መጡና ፊቴን ሳያዩ "በቃ፣ በዚያኛው አድርጊው" አሉኝ።

በየምሰሶው ለጠፍን። ስልክ በጮኸ ቁጥር ሁለታችንም እንበረግጋለን። ከሰዓት በኋላ አንድ የባጃጅ ሹፌር ደወለ። "ማስታወቂያውን እየነዳሁ አነበብኩት፤ ሰውዬው ወደ አርጆ በሚወስደው የከተማው መውጫ ላይ ተቀምጠዋል" አለ። በሰላም ተገኙ። ባለቤታቸው ቤት ገብተው እህል ሲቀምሱ ግን አዴ ጫልቱ አብረዋቸው አልተቀመጡም። ከምሰሶ ምሰሶ እየዞሩ ወረቀቱን በጥፍራቸው ይልጡ ነበር። "ነገ እኔ አነሳዋለሁ፤ እርስዎ ይረፉ" ብላቸው፣ ዞር እንኳ ሳይሉ "አንድም አይደር!" አሉኝ።