ላምበረት ላይ ያወረድኳት ላም

አገር የሚያውቀው ሮክ ዘፋኝ፣ የፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር ልጅ ነው፣ ኮተቤ ቤቴ ድረስ መጥቶ የቧልት ጽሑፎቹና ሥዕሎቹ ያሉበትን ደብተር ሰጠኝ። «ጋሼ፣ ሳይታተም አንዴ ይዩልኝ» አለ። እኔ ደግሞ ዕድሜ ልኬን አማርኛ ያስተማርኩ ሰው፣ ቀይ እስክሪብቶዬን አነሳሁ። እናንተዬ፣ ደህና ቃል የለም! አንዱ ገጽ ላይ «ላምበረረች መናኸሪያ» ይላል። ሰረዝኩና «ላምበረት» ብዬ አረምኩ።

ደብተሩን ሊወስድ ሲመጣ ያን ገጽ ገልጦ አየ። ከጽሑፉ በላይ ያለውን ሥዕል በጣቱ አሳየኝ። ክንፍ ያላት ላም ከአውቶቡሶቹ በላይ ትበራለች። ለካ ሥዕሉን ጭራሽ አላየሁትም ነበር! «ጋሼ፣ አወረዷት እኮ» አለኝ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረ።

መጽሐፉ እስካሁን አልወጣም። በላምበረት ባለፍኩ ቁጥር ይቆጨኛል። በዚያ እስክሪብቶ የስንት ተማሪ ላም አውርጄ ይሆን?