ወፍ ነገረችኝ

በጎጃም አንዲት ትንሽ ከተማ፣ የወፍጮ ቤቱ ዘበኛ አያ ታከለ በሌባ ተደብድቦ በሞተ በሳምንቱ፣ ጎረቤቱ ወይዘሮ አንጓች ከሰፈሩ ፖሊስ ከሳጅን ይኼነው ጋር ጣቢያው ውስጥ ይሟገታሉ።

አንጓች፦ አውጫጭኝ ይጠራ ነው የምልህ። ሰፈርተኛው በሙሉ ሜዳ ይውጣ፤ ገዳዩ ሳይታወቅ ማንም ቤቱ አይገባም።

ይኼነው፦ እማማ አንጓች፣ እሱ እኮ ድሮ ቀረ። ዛሬ ሰው በጅምላ ሜዳ ላይ ባግት መጀመሪያ የምታሰረው እኔ ነኝ።

አንጓች፦ የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ። በአባቶቻችን ጊዜ ሌባ እንዲህ ተዝናንቶ አያድርም ነበር።

ይኼነው፦ ንጹሑም አያድርም ነበራ። የራበው፣ እህሉ አውድማ ላይ የቀረበት ሰው የተቀየመውን ጎረቤቱን ጠቁሞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አሁን የሰፈር ጥበቃ አለ፣ የጥቆማ ስልክ አለ፣ ወፍጮ ቤቱም ካሜራ ሊያስገባ ነው።

አንጓች፦ ታከለ ከተቀበረ በኋላ ካሜራ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ይኼነው፦ እሱስ እውነትዎን ነው።

አንጓች፦ በስልኩ የጠቆመ ሰው ስሙ ይወጣል?

ይኼነው፦ አይወጣም። ግን ጥቆማ ብቻውን አያስፈርድም። ያየ ሰው ችሎት ቆሞ፣ ምሎ፣ ተከሳሹ ፊት መናገር አለበት።

አንጓች፦ ፊቱን እያየ?

ይኼነው፦ ፊቱን እያየ።

አንጓች፦ የድሮው ይሻላል የምልህ ለዚህ ነው። ያኔ ያየ ሰው ለአንድ ሽማግሌ በጆሮው ሹክ ይላል፤ ሽማግሌው ደግሞ ለዳኛው «ወፍ ነገረችኝ» ይላል። ወፊቱ ማን ናት ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ይኼነው፦ እማማ፣ ያዩት ነገር አለ እንዴ?

አንጓች፦ ለቅሶ ቤት ነው የከረምኩት። የታከለ ሚስት እኔው ትከሻ ላይ ነው የምታለቅሰው። «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር» ስትለኝ፣ እኔን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ።

ይኼነው፦ ማንን ፈርተው ነው? እኛ እንጠብቅዎታለን።

አንጓች፦ ከማን ልትጠብቀኝ? እራቱን የማቀርብለት እኔ።

ይኼነው፦ እርስዎ ቤት ያለው... ልጅዎ ላቀው ብቻ ነው።

አንጓች፦ ሸሚዙን ያጠብኩለት እኔ ነኝ። ደም መሆኑን ካወቅሁ በኋላም ማሸቴን አልተውኩም።

ይኼነው፦ ምነው እማማ። ይሄን ሰምቼ እንዴት ዝም እላለሁ?

አንጓች፦ ዝም እንዳትል ነው የመጣሁት። ወላድ በድባብ ትሂድ ይላሉ፤ እኔ ሰው ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ይኼነው፦ እንግዲያው እርስዎ ወደ ለቅሶው ይመለሱ። ሄጄ አመጣዋለሁ። ማን ነገረህ ካሉኝ ወፍ ነገረችኝ እላለሁ።

አንጓች፦ ያሁኑ ዳኛ ወፍ አይሰማም አላልከኝም? ስሜን ጻፍ። ችሎት የቆምኩ ዕለት ግን፣ ልጄን «እናትህን ቀና ብለህ አትያት» በልልኝ።