የወንድሜ ሳክስፎን

አውቶቡሱ ሀበሻ ከሚበዛበት ከፌርፋክስ ተነስቶ ወደ ሚራክል ማይል ሰፈር ሲታጠፍ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አጠገባቸው ያለችውን ወጣት ሴት በአማርኛ አናገሯት። ጭኗ ላይ የቆየ የሙዚቃ ሸክላ ይዛለች።

«ይቺን አልበም አውቃታለሁ፤ ከአብዮቱ በፊት የወጣች ጃዝ ናት።»

«አዎ ጋሼ። ሳክስፎኑን የሚነፋው ወንድሜ ነው።»

«ጎበዝ ልጅ! አሁን የት ነው ያለው?»

«አምና አብዮቱን ሸሽቶ ወደ ሱዳን ሲሻገር በረሃ ላይ ሞተ።»

«ነፍስ ይማር። ታዲያ ሸክላውን ወዴት ይዘሽ ነው?»

«ወደ ሥራ። እናቴ በቅርቡ ከአዲስ አበባ መጣች፤ መሞቱን አልነገርናትም። ስለዚህ ቤት ከተውኩት ጎረቤት ጠርታ ታስከፍታለች ብዬ ፈራሁ። ስትሰማው ሆዷ ይነግራታል።»

«መቼ ልታረዷት ነው?»

«እሁድ ጠዋት ዘመድ ጠርተናል። ግን ልቧን ያማታል፤ ዶክተሩ አታስደንግጧት ብሏል። እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ።»

«ስለ እሱ ትጠይቅሻለች?»

«የመጣች ሰሞን ትጠይቅ ነበር። አሁን ስሙንም አታነሳም። ሸክላውን ክፈቺልኝ ብቻ ነው የምትለኝ።»

ሽማግሌው ወደ እሷ ዞሩ።

«ልጄ፣ እሷ እኮ አውቃለች። ዝም ያለችው ላንቺ ሳስታ ነው።»

«ካላወቀችስ? ልቧ ቀጥ ቢልስ?»

«ብቻዋን አትስማው። አጠገቧ ተቀምጠሽ፣ እጇን ይዘሽ አብረሽ ስሚ።»

ወጣቷ ሸክላውን ደረቷ ላይ አስጠጋችው።

«ደውዬ ዛሬ ከሥራ ልቅር እንዴ፣ ጋሼ?»

«ቅሪ።»

ሳትጠይቀኝ እጄን ዘርግቼ የአውቶቡሱን የማስቆሚያ ገመድ ሳብኩላት።