በጋቢው የታወቀው

(ጎንደር፣ ከብቱ ባለቀበት በክፉው ቀን፤ በአንድ ቤተ ክርስቲያን በር አጠገብ፣ ከየመንገዱ የተለቀሙ ሬሳዎች ዘመድ እንዲለያቸው ዳስ ሥር ተጋድመዋል፤ ረፋድ ላይ ጠባቂው ጎሹ በዱላው መንገድ ዘግቷል፣ የውብዳር የምትባል መበለት ልታልፍ ትታገለዋለች።)

የውብዳር፦ ዱላህን አንሣ፣ ጎሹ! ያንን በሰሌን የተሸፈነውን አይቼ እመለሳለሁ።

ጎሹ፦ አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ቀረሽ? ባለፈው ሳምንት ልጅሽን ቀበርሽ። «ያለኝ አንድ ነበር» ብለሽ መሬቱን የደበደብሽው አንቺ አይደለሽም?

የውብዳር፦ እኔ ነኝ።

ጎሹ፦ ታዲያ አንድ ልጅ ስንት ጊዜ ይሞታል?

የውብዳር፦ እሱን ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ጎረቤቴ ልጅሽን ደረሰን ገበያ አየሁት አለችኝ። ከቀበርሁት በኋላ! በእግሩ ቆሞ!

ጎሹ፦ የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ ያንቺ ደግሞ እግር አውጥቶ ገበያ ወጣ።

የውብዳር፦ አትቀልድብኝ። በስሙ ብትጠራው ዞሯል። ጋቢህን የት ጣልኸው ብትለው «በእፍኝ ባቄላ ለወጥሁት» አላት።

ጎሹ፦ ባቄላ ያለው ሰው ተገኘ? ጉድ ነው።

የውብዳር፦ የቀበርሁት ዕለት ጋቢውን አይቼ ነው ልጄ ነው ያልሁት። እኔው የፈተልሁት፣ ጠርዙን እኔው የጣፍሁት ጋቢ ነው። ፊቱን እንደሆነ ጅብ… አንተም አይተኸዋል።

ጎሹ፦ አይቻለሁ።

የውብዳር፦ ገበያ ሮጥሁ። «ከግንቡ ሥር የተኛውን ልጅ ዛሬ ጧት ጎሹ አነሣው» አሉኝ።

ጎሹ፦ ከግንቡ ሥር ያነሣሁት ሽማግሌ ነው። ጢሙ እስከ ደረቱ።

የውብዳር፦ እንግዲያው አሳየኝ። ሽማግሌ ባይ ምን እሆናለሁ?

ጎሹ፦ እህትዓለም፣ ቤትሽ ግቢ። ልጅሽ በክርስትና ስሙ ፍትሐት ደርሶለት፣ ተፈትቶ፣ ቅጥር ውስጥ ተኝቷል። ስንቱ ያጣውን አግኝተሻል። ዝም አይነቅዝም።

የውብዳር፦ ሽማግሌ ከሆነ ለምን ትለምነኛለህ? ጎሹ! እግሩ ከሰሌኑ ወጥቷል።

ጎሹ፦ አትዪው።

የውብዳር፦ ትንሿ ጣቱ ከጎኗ ባለችው ጣት ላይ ወጥታለች። እንደ አባቱ።

ጎሹ፦ አውቃለሁ። ያን ዕለት ሙሾ ስታወርጂ «ጣቱ ጣት ያዘለው ልጄ» ስትዪ ሰምቻለሁ። ዛሬ ጧት ሳነሣው አየኋትና ሰሌን ጣልሁበት።

የውብዳር፦ ስለ ጣቱ እያለቀስሁ ጣቱን አላየሁም! እግሩን አንዴ ብገልጠው ምን ነበረበት? በሕይወት ነበር እኮ! ፍለጋውን የተውሁት ቀብሬዋለሁ ብዬ ነው፤ እኔ ቤቴ ለቅሶ ተቀምጬ እሱ ገበያ ለገበያ…

ጎሹ፦ ለዚህ ነው ሂጂ ያልሁሽ።

የውብዳር፦ የደብሩን አለቃ ጥራልኝ። ስሙን ልስጥና ይፈቱት። ልጄን ልቅበር።

ጎሹ፦ አለቃ መጀመሪያ የሚሉሽ ምን መሰለሽ? «በግዝት ልጄ ነው ብለሽ ያስገባሽው ማን ነበር?»

የውብዳር፦ ተሳሳትሁ እላለሁ።

ጎሹ፦ ሰው ሁሉ እየራራ የማያውቀውን ሬሳ ወንድሜ ነው እያለ ቢያስቀብር አይደል ግዝቱ የመጣው? ዘመድ ያልመሰከረለት ቅጥር አይገባም፤ ያለ ዘመዱ የገባም ይወጣል። ባለፈው ወር አንዱን አስወጥተዋል። የቆፈርሁት እኔ ነኝ።

የውብዳር፦ የት ወሰድኸው?

ጎሹ፦ ይኸ ሁሉ የሚሄድበት። ወንዝ ዳር፣ ትልቁ ጉድጓድ። አፈሩ ስስ ነው፤ ሌሊቱን የጅብ ነው።

የውብዳር፦ እኔ አልዋሸሁም!

ጎሹ፦ አልዋሸሽም። ሰውዬው ግን ይወጣል። ከተናገርሽ ልጅሽ ይገባል፣ ያኛው ወደ ወንዝ ይወርዳል። ዝም ካልሽ ያኛው ባለበት ይተኛል፣ ልጅሽ ይወርዳል። ሌላ መላ ስፈልግ ነው ያረፈድሁት።

የውብዳር፦ አንተ ልጄ ነው በልላቸው።

ጎሹ፦ ልጅ እንደሌለኝ ያውቃሉ። ሚስቴ ስትሞትም የፈቷት እሳቸው ናቸው።

የውብዳር፦ ያ የቀበርሁት… ማን ይሆን?

ጎሹ፦ ማን ያውቀዋል? ባቄላ የነበረው ሰው ነዋ።

የውብዳር፦ ምን አልህ?

ጎሹ፦ ጋቢው እሱ ላይ ምን ይሠራል? ብርድ ጸንቶበት ባቄላውን ለልጅሽ ሰጠ፣ ጋቢውን ለበሰ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ልጅሽ በዚያች እፍኝ ሰነበተ፤ እሱ በጋቢሽ ሞተ።

የውብዳር፦ ደረሰ ባቄላ ስቆላ ሳይበርድ ይሰርቀኝ ነበር። አፉን እየተቃጠለ። ያኛውስ እናት ይኖረው ይሆን?

ጎሹ፦ ብትኖርም አልመጣች። ያለቀሰለት አንቺ ብቻ ነሽ።

የውብዳር፦ አልቅሼለታለሁ። ከልቤ ነው ያለቀስሁለት፣ ጎሹ። አሁን ልጄን ያጎረሰውን ሰው ከመቃብሩ ጎትቼ ለጅብ ልስጠው?

ጎሹ፦ እኔ አልፈርድብሽም። ብታስወጪውም አልፈርድብሽም። ያንቺ ልጅ ነው።

የውብዳር፦ የኔ ልጅ ነው። አንጀቴ ተቃጠለ።

ጎሹ፦ አለቃ መጡ፤ ያው በበሩ ብቅ አሉ። በሰሌን የተሸፈነውን የሚያውቀው ተገኘ ወይ ይሉኛል። ምን ልበላቸው?

የውብዳር፦ የሚያውቀው አልተገኘም በላቸው። አንተ እግሩን ያዝ፤ ራሱን እኔ እይዛለሁ።