ከራሱ ብስኩት እንዲበላ ማልኩበት

የምስክር ስም፦ ቂናዊ ሐማም አቡልወፋ
ዕድሜ፦ 52
ሥራ፦ የሸንኮራ አገዳ ገበሬ
አድራሻ፦ ግብፅ፣ ቂና፣ ቂፍጥ አቅራቢያ
ቃሉ የተሰጠበት፦ ካይሮ፣ የባቡር ጣቢያ ፖሊስ፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 2009

ስሜ ከላይ የተጠቀሰው እኔ ስለ ጉዳዩ የማውቀውን እንደሚከተለው እገልጻለሁ። ባለፈው ዓመት እናቴ ሐጃ ነፊሳ ዓይኗን ልትታከም ከእህቴ ከሰኒያ ጋር በሌሊቱ ባቡር ወደ ካይሮ ተሳፍራ ነበር። አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው ከሰማያዊ ቆርቆሮ ብስኩት አውጥቶ ጋበዛቸው። በእኛ አገር የመንገደኛን እጅ መመለስ ነውር ነውና እናቴ በላች። እህቴን ባቡር ስለሚያጥወለውላት አልቀመሰችም፤ በኋላ እሷንም እንቅልፍ ወሰዳት። ጠዋት ስትነቃ ሰውየውም የእናቴ ሻንጣም የሉም። እናቴን ብትቀሰቅሳት አልነቃችም፤ ሆስፒታል እንደተኛች አረፈች። እህቴ ያንን ቆርቆሮና የሰውየውን ጥፍር የሌለው አውራ ጣት አልረሳችም።

ከዚያ ወዲህ ሰውየውን ፍለጋ፣ ብቻውን የሚጓዝ የዋህ ባላገር መስዬ፣ ባለቤቴ «ባቡሩን አገባኸው እንዴ?» እስክትለኝ ድረስ በዚያው መስመር ተመላልሻለሁ። ትናንት አመሻሽ ላይ ከቂና እንደተነሳን ተጠርጣሪው ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ጣቱን አየሁት። ፈገግ አልኩለት። ሰማያዊውን ቆርቆሮ ከፍቶ «እንካ አጎቴ፣ እናቴ የጋገረችው ነው፤ እንዳታሳፍረኝ» አለኝ። እኔም ፉርጎው ሁሉ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ «አንተ ቀድመህ ካልበላህ ሚስቴ የተፈታች ትሁን!» ብዬ ማልኩ።

«ሆዴን ያመኛል» ብሎ አንገራገረ። በእኛ ዘንድ በዚህ መሐላ የተያዘ ሰው ማምለጫ የለውም። አንዲት አሮጊት «አንተ ልጅ፣ ለአንድ ብስኩት ብለህ የሰው ትዳር ታፈርሳለህ? ብላና ገላግለን!» ብለው ጮኹበት፤ ተሳፋሪውም ተነሳበት። በላ። «ለእናቴም ድገም» ብዬ አስደገምኩት፤ ከዚያም በገዛ እጄ አጎረስኩት። አንገቱ ሲዘነበል በጥምጣሜ ከወንበሩ ጋር አስሬ፣ ካይሮ ስንደርስ ለፖሊስ አስረከብኩት።

ብስኩቱ የሚያደነዝዝ ነገር እንዳለበት እያወቅኩ ማብላቴን ተጠይቄ፣ አዎ እያወቅኩ ነው ብያለሁ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም። አልጸጸትም፤ ብታስሩኝም እታሰራለሁ።

ቃሌ ተነብቦልኝ እኔው የተናገርኩት እውነት መሆኑን አረጋግጫለሁ። ከመፈረሜ በፊት አንድ ነገር እንዲጨመርልኝ ጠይቄ ተጽፎልኛል፦ ተጠርጣሪው ሆስፒታል ውስጥ መንቃቱን መርማሪው አሁን ነግሮኛል። እናቴ ግን አልነቃችም።

የምስክሩ ፊርማ፦ ቂናዊ ሐማም
ቃሉን የተቀበለው፦ መቶ አለቃ ራጊ ዘክሪ